የአቤልን ዓይን ይዘን ከተማ ወረድን

ሩቅ አገር ሄደው የሚጽፉ ሰዎች አሉ። እኔ የሄድኩት ከጉለሌ እስከ ሆስፒታል ብቻ ነው። ቢሆንም መንገድ መንገድ ነው፤ ያየሁትን መጻፍ ስለቻልኩም ደስ ብሎኛል።

የጉዞው ምክንያት የአምስት ወሩ ወንድሜ አቤል ነው። ከተወለደ ጀምሮ ግራ ዓይኑ ሳያለቅስም ያነባል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ በዓይናር ተጣብቆ አይገለጥም። እማዬ ለብ ባለ ውሃ እያራሰች ትከፍትለታለች። «ይታወርብኝ ይሆን?» ትላለች።

አቤልን የሚያጥቡት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ነበሩ። ካጠቡት በኋላ ጣታቸውን ቅቤ አስነክተው፣ አፍንጫው ሰልካካ እንዲሆን ወደ ታች ያሹታል። የእኔንም ያቃኑት እሳቸው ናቸው። ታዲያ አንዲት እንግዳ መጥታ፣ «ዓይኑን ያበላሸው ይኸው እሽት ነው!» ብላ ሄደች። እማዬ ደንግጣ እሽቱን አስቆመች፤ እትዬ ዘነበችም አኩርፈው ደጃችንን መርገጥ ተዉ።

ጠዋት

እማዬ ከእንጦጦ ማርያም ያመጣችውን ጠበል ፊቱን አስነክታ በነጠላ ሸፈነችው። ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ነጋዴዎቹ ጋቢያቸውን ገና እየሰቀሉ ነበር። ለየራሳችን ስሙኒ ከፍለን ውይይት ታክሲ ተሳፈርን። ውይይት ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም! ፊት ለፊት ተፋጠን ስለተቀመጥን የአቤልን ዓይን ያላየ ተሳፋሪ አልነበረም።

«የጡትሽን ወተት ጠብ አድርጊበት፤ በቃ» አሉ ዘንቢል የያዙ ሴትዮ።

«ምች ነው እንጂ! መድኃኒቱ ዳማከሴ ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«አባባ፣ ዳማከሴ ዓይን ውስጥ? ልጁን ሊያሳውሩት ነው?» አለች ከጎናቸው የተቀመጠች ወጣት።

«እንግዲያስ አንቺ ሐኪሟ ንገሪያ!»

ሾፌሩ ሳይቀር በመስታወቱ እያየን፣ «ሆስፒታል ከሄዳችሁማ በመርፌ ነው የሚወጉት» አለ።

እማዬ አቤልን እቅፍ አደረገችው። «እንመለስ ይሆን?» አለችኝ በጆሮዬ። ሁሉም እርግጠኛ ነው፤ የሚሉት ግን ለየቅል። ግራ ገባኝ። «ወራጅ አለ!» ልል አፌን ከፈትኩና... እንደተከፈተ ቀረ። ታክሲዋም ቁልቁል ወሰደችን።

ሆስፒታል

ዘበኛው፣ «ጓዶች፣ ሰልፍ ያዙ!» ሲል አንዲት እናት፣ «ጓድ የምትለው እኔን ነው ወይስ የታቀፍኩትን?» ብላ ሰልፉን አሳቀችው። ቆሎ እየቆረጠምን ረጅም ጊዜ ጠበቅን።

ተራችን ሲደርስ ሲስተሯ የአቤልን ዓይን በባትሪ አየችው። «ዓይኑ ደህና ነው» አለች። «እንባ ወደ አፍንጫ የሚወርድበት ቀጭን ቱቦ አለ፤ የእሱ ጫፉ ገና አልተከፈተም። ብዙ ሕፃናት እንዲህ ይሆናሉ።»

«መርፌውስ?» አለች እማዬ።

«የምን መርፌ? አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ሳይሞላቸው ይከፈታል። ያኔም እንቢ ካለ ሐኪሙ በቀጭን ሽቦ ይከፍተዋል። ጥጉ ከቀላ ወይም ካበጠ ግን ቶሎ ያምጡት። ወተትም ቅጠልም ዓይኑ ውስጥ እንዳያደርጉ።»

ከዚያ እጇን ታጥባ፣ ጣቷን የዓይኑ ጥግ ከአፍንጫው የሚገናኝበት ላይ ቀስ ብላ ጫን አደረገችና ወደ ታች ወሰደችው። «እንዲህ፤ በየቀኑ ደጋግመው።»

እኔና እማዬ ተያየን።

«ይኼማ የእትዬ ዘነበች እሽት ነው!» አልኩ።

ታሪኩን ስነግራት ሲስተሯ ሳቀች። «ከየት ነው የሚጀምሩት?»

«ከአፍንጫው መካከል።»

«ከፍ ይበሉ፤ ከዓይኑ ጥግ። ቅቤው ይቅር፣ ጥፍራቸውም ይቆረጥ።»

«ታዲያ እሽቱ ጥፋት ነበር ወይስ መድኃኒት?»

«ሁለቱም አልነበረም» አለችኝ። የባሰ ግራ ገባኝ።

መመለስ

ቤታችን ሳንገባ የእትዬ ዘነበችን በር አንኳኳን።

«እትዬ፣ ይታሽ ተባለ» አለች እማዬ አንገቷን ደፍታ።

«በማን? በእኔ በዓይን አጥፊዋ?» አሉ። ትንሽ ካኮረፉ በኋላ ግን፣ «በይ ምላጭ አምጪ፣ ጥፍሬን ልቁረጥ» አሉኝ።

እነሆ ዛሬ ጠዋት፣ ከብዙ ሳምንት በኋላ፣ አቤል ሁለቱንም ዓይኑን ገልጦ ነቃ። እማዬ ጠበሉ ነው ትላለች፤ እትዬ ዘነበች ጣቴ ነው ይላሉ፤ ሲስተሯ ደግሞ በራሱም ይከፈታል ብላ ነበር። ማን ልክ እንደሆነ አሁንም አላውቅም። ጉዞው ያስተማረኝ፣ ምክር በበዛበት ታክሲ ውስጥ ሳይደርሱ «ወራጅ አለ» አለማለትን ነው።

ይህን እየጻፍኩ ቀና ስል የእትዬ ዘነበች ጣት ከዓይኑ ጥግ አልፎ ወደ አፍንጫው ጫፍ ሲንሸራተት አየሁት።

«እትዬ!» አልኳቸው።

«ምነው? መንገዱ እኮ ወደዚያው ነው» አሉኝ።