ዝንጀሮ ያልደፋው ውሃ

ይህን ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ ልናገርና ልገላገል። የራሴን ጥፋት ዝንጀሮ ላይ ለጥፌ ሰባት ዓመት ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ሞያሌ ውስጥ፣ በኬንያው በኩል፣ ጨርቅ እሸጣለሁ። ያኔ የሰንበቴ ማኅበራችን ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ተከራይቶ ወደ ማርሳቢት ደን ለሽርሽር ሄደ። መንገድ የሚመራን ጉዮ ነበር፤ እዚሁ ሞያሌ አጠገብ ያለችው የቡቲዬ መንደር ሰው፣ ፍየል አርቢ፣ ደኑን እንደ ጓሮው የሚያውቅ። ከመኪናው ወርደን በእግር ደኑ ውስጥ ወዳለው ሐይቅ ስንነሳ የሁላችንም ውሃ በአንድ ጀሪካን ነበር። "ማን ይሸከም?" ሲባል ዘልዬ የተነሳሁት እኔ ነኝ። ለምን? ሴቶቹ እያዩኝ ነበራ!

ደኑ ደስ ይላል። ያን ሁሉ በረሃ አቋርጠን ድንገት ጉም ውስጥ ገባን። ጉዮ ከዛፎቹ ላይ የተንዠረገገውን ሽበት የመሰለ ነገር አሳየን። ጉሙን የሚይዘው እሱ ነው፤ ጠብታው ወርዶ ሥሩን ያጠጣል፤ ዝሆን የበላውን ፍሬ ሌላ ቦታ ይዘራዋል። አንዱ የሌላው ተሸካሚ ነው። እኔ ይህን የምሰማው ጀሪካኑ ያሳመመውን ትከሻዬን እያሸሁ ነበር፤ የማስበውም ስለ እሱ ብቻ።

"ዞር ብዬ ልምጣ" አልኩና ወደ ኋላ ቀረሁ። ውሃውን ደፋሁት። ግማሹን ብቻ ልደፋ ነበር፤ ቅለቱ ሲጥመኝ ጊዜ ጨረስኩት። የአሥራ አራት ሰው ውሃ እኔ ደፋሁት፣ እኔ! በዚያ ቀን ከእኔ የተጠቀመች አንዲት የወይራ ዛፍ ብቻ ናት።

ሐይቁ ዳር ውሃ ሲጠየቅ፣ "ዞር ባልኩበት ዝንጀሮ ገለበጠብኝ" አልኩ። ጉዮ ደግሞ ጠዋት "የዚህ ደን ዝንጀሮ ምንም አይነካም፣ ሀኩና ሺዳ፣ ችግር የለም" ብሎን ነበር። የማኅበራችን ሰብሳቢ እትዬ አስቴር "አንተን አምነን መጥተን!" ብለው ወረዱበት። ጉዮ ግን ከትከሻው የራሱን ትንሽ የውሃ ኮዳ አውርዶ ሁሉንም አልፎ ወደ እኔ መጣ።

"ኮቱ ዱጊ፣ ና ጠጣ። እኛ ቤት ውሃ የተሸከመ ሰው ነው ቀድሞ የሚጠጣው።"

ጠጣሁ። እንዴት ወረደልኝ? ወረደ እንጂ! ደግሜም ተጎነጨሁ። የቀሩት አንድ ብርቱካን ለሦስት እየተካፈሉ፣ በዝንጀሮው እየሳቁ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ ጉዮን ጠርቶት አያውቅም። "የዝንጀሮ ዋስ" የሚል ስም ወጣለት፤ ሌሎች መንገደኞችም ተዉት። ታሪኩን በየዓመቱ እያሳመርኩ የማወራው እኔው ነኝ፤ ዝንጀሮዎቹ አሁን አምስት ደርሰዋል። ጉዮ ግን ገበያ ላይ ባገኘኝ ቁጥር "ትከሻህ ዳነ ወይ?" ይለኛል፤ ከልቡ ነው።

ደክሞኝ ነበር አልልም። የደከመው ሰው "ተቀበሉኝ" ይላል፤ አሥራ ሦስት ትከሻ አጠገቤ ነበር። እኔ ግን ጉራዬን ለማዳን የሰው ስም ደፋሁ።

ጉዮ አማርኛ አቀላጥፎ ይናገራል፤ ማንበብ የተማረው ግን በስዋሂሊ ነው። ይህን በአማርኛ ለምን እንደጻፍኩት አሁን ገና ገባኝ። የበደሉት ሰው በማያነበው ፊደል ይቅርታ መጠየቅ ምን የሚሉት ድፍረት ነው? ነገ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ቡቲዬ እሄዳለሁ። ለእሱ አነብለታለሁ፤ እሁድ ደግሞ እሱን አጠገቤ አስቀምጬ ለማኅበሩ አነባለሁ። እባካችሁ ቀድማችሁኝ እንዳትነግሩት፤ ከእኔው አፍ ይስማው።