እናቴን ከመርዶ ያሸሸሁበት ግቢ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እናቴን መኪና ውስጥ አስገብቼ የማላውቃቸው ሰዎች ቤት ልጎበኝ ሄድኩ። ታሪካዊ ቤት ወድጄ አይደለም... እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቤት እንዳትገኝ ስለታዘዝኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሙስ ዕለት የእናቴ ታናሽ ወንድም ታደሰ ሆሳዕና ውስጥ አረፈ። እናቴ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ስፕሪንግፊልድ እኛ ጋ ነው የምትኖረው፣ አልሰማችም። አገር ቤት ቢሆን መርዶ በማለዳ ነበር የሚነገረው። እዚህ ግን ሰው ከሥራ ኦፍ የሚሆነው ቅዳሜ ስለሆነ የቸርቻችን ሽማግሌዎች ለቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ተቀጣጠሩ። ባለቤቴ ቤት ቀርታ ወንበር ትደረድራለች፣ እኔ እናቴን ይዤ እጠፋለሁ። ፓስተሩም ደውለው «አደራ፣ በባዶ ሆዷ እንዳታመጣት» አሉኝ።

እኔም በበኩሌ ለመንደርደሪያ ያህል አርብ ዕለት «ታደሰን ትንሽ አሞታል» አልኳት። ስልኳን ደግሞ «ላሠራልሽ» ብዬ ወሰድኩባት።

መጀመሪያ ቁርስ ቤት ገባን። እንቁላል አዘዝኩ፣ ፓንኬክ አስጨመርኩ፣ ከራሴ ሳህን ድንች አነሳሁላት።

«አንተ ልጅ፣ ልታርደኝ ነው እንዴ እንዲህ የምትቀልበኝ?» አለችኝ።

ሳቅኩ። ሳቄ ለራሴም ደስ አላለኝም።

ቤቱ ከጎረቤታችን ከተማ ከአሌክሳንድሪያ ወዲያ ዛፍ የበዛበት ቦታ ላይ ነው። አንድ ቤተሰብ ከጥንት ጀምሮ እየተወራረሰ የኖረበት ነው፣ በወር አንድ ቅዳሜ ለጎብኚ ይከፈታል። የቤቱ ባለቤት ሰማንያ ዓመት የሚሆናት ቀጭን ፈረንጅ ናት፣ ጭቃ በነካው ቦት ጫማ ወጥታ ራሷ ተቀበለችን። ከእኛ ሌላ ጎብኚ አልነበረም።

ታሪካዊ ቤት ማለት ሟች ሲቆጠርበት የሚዋል ቤት መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። ሴትዮዋ ክፍል በገባን ቁጥር ማን የት እንደሞተ ትነግረናለች። «አያቴ የሞተው እዚህ አልጋ ላይ ነው» ስትል እኔ ለእናቴ «አልጋው የድሮ ነው ትላለች» እላለሁ። «አክስቴ ልጅ ስትወልድ የሞተችው እዚህ ነው» ስትል «ይሄ የሴቶች ክፍል ነው» እላለሁ። በዚያን ቀን ሞት የሚል ቃል ከአፌ ማውጣት ፈራሁ።

ግድግዳው ሙሉ የሰው ሥዕል ነው። እናቴ አንድ በአንድ ካየች በኋላ «አሁን ከነዚህ ውስጥ አንድም በሕይወት ያለ የለም አይደል?» ስትለኝ ክንዷን ይዤ ወደ አትክልቱ ቦታ አወጣኋት።

አትክልቱ ከሰው ቁመት በሚበልጥ የጡብ ግንብ ዙሪያውን ታጥሯል። እናቴ ግንቡን በመዳፏ እየዳሰሰች «ማን ነው የሠራው? ጠይቃት» አለችኝ። ጠየቅኳት።

«ባሮች ናቸው። ጡቡንም ያቃጠሉት እነሱ ናቸው። ቤተሰቦቼ ስማቸውን እንኳን አልጻፉም» አለች ሴትዮዋ።

ይህን በትክክል ተረጎምኩ። እናቴ እጇን ከግንቡ አንስታ «ነውር ነው። ግን እሷ አትደብቅም» አለች።

ከግንቡ ሥር ቅርንጫፋቸው ጡቡ ላይ ተዘርግቶ የታሰረ የፍሬ ዛፎች አሉ። ሴትዮዋ አንዱን ቅርንጫፍ ይዛ «እነዚህን ያሳደገው ባሌ ነው። ባለፈው ወር ሞተ» አለች።

«ምን አለች?» አለች እናቴ።

«ባሏን... ትንሽ አሞታል ነው የምትለው።»

«ውይ! ጌታ ይማረው በላት። የት ነው የተኛው? ከዚህ ስንወጣ ጠይቀነው እንሂድ እንጂ!»

ሴትዮዋ ዓይን ዓይኔን ታያለች። የማደርገው ቢጠፋኝ «እናቴ በጣም አዝናለች» አልኳት። «ታንክ ዩ» ብላ እናቴን ልትመለከት ስትዞር እንባዋ ወረደ።

እናቴ መጀመሪያ እሷን አየቻት። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ሰውየው ሞቷል» አለች።

የሴትዮዋን ጭቃማ ቦት ጫማ ማየት ጀመርኩ።

«የሞተውን ሰው ነው አሞታል የምትለኝ?»

ከጫማው ላይ ዓይኔን አላነሳሁም።

«ታደሰንም... እንዲህ ነው ያመመው?»

በአዎንታ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

እናቴ አጠገቧ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ሴትዮዋ ደንግጣ «ምን ሆነች?» ስትለኝ ወንድሟ መሞቱን አሁን ገና መስማቷ እንደሆነ ነገርኳት። ሄዳ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ያዘቻት። እናቴ «ታዴ፣ ታዴዬ» እያለች፣ ሴትዮዋ የባሏን ስም እየጠራች አብረው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። አጎቴ እኮ ነው... ከሐሙስ ጀምሮ የመደበቁ ሥራ በዝቶብኝ ሳላለቅስለት ቆይቼ ነበር።

ቆየት ብሎ እናቴ ተነስታ አትክልት በሚጠጣበት የውሃ ጎማ ፊቷን ታጠበች።

«ሰዎቹ ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

«ማን ማን ነው?»

ቆጠርኩላት።

«ከጌይተርስበርግ ድረስ? በል፣ ማወቄን እንዳትነግራቸው። ሰው ያለችውን አንድ ኦፉን ትቶ መጥቶ፣ ሰምታለች ተብሎ ይመለሳል?»

ሴትዮዋን ሦስት ጊዜ ስማ ተሰናበተቻት።

ቤት ስንደርስ ሳሎኑ ጢም ብሏል። ፓስተሩ ጸልየው ነገሯት። እናቴ ጮኻ ወደቀች፣ ሴቶቹ ተረባርበው ያዟት። አስመስላ እንዳይመስላችሁ... ሁለተኛውም ለቅሶ እውነተኛ ነበር።

በኋላ ፓስተሩ ወደ ጎን ወስደው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና «ተባረክ! ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ሳታሳውቃት እንዴት ቻልክበት?» አሉኝ።

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ቀና ብላ አየችኝ።

«ጌታ ረድቶኝ ነው» አልኩ።