የወሊድ ፈቃድ ያላገኙት እትዬ ትርሲት

በኮሎምበስ ከተማ ሊንደን ሰፈር፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ዳር ባለው ጸጉር ቤት ለብዙ ዓመታት የምታውቋቸው እትዬ ትርሲት፣ ሴት ልጃቸውን በተገላገሉ በሰባተኛው ሳምንት ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ነገሩ ድንገት ስለሆነ ብዙዎቻችሁ «ምን ሆነው ነው?» እያላችሁ ደውላችሁልኛል። አልቅሼ ስልኩን ዘጋሁባችሁ። አጠገባቸው ቆሜ የሠራሁ፣ ሙያውንም ከእጃቸው የተማርኩ እኔ ሰላም ነኝና የማውቀውን ልጻፍላችሁ።

እትዬ ትርሲት ወደ ኮሎምበስ የመጡት ከባለቤታቸው ከጋሼ መኮንን ጋር፣ ከረጅም የስደት ኑሮ በኋላ ነበር። ጋሼ መኮንን ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ሥራ ገቡ፤ እሳቸው ደግሞ ከጸጉር ቤቱ ባለቤት ወንበር ተከራይተው ለራሳቸው መሥራት ጀመሩ። እኔም አጠገባቸው ያለውን ወንበር የተከራየሁት እሳቸው አስተምረውኝ ነው። እንዲህ ያለውን ሠራተኛ እዚህ አገር ሴልፍ ኢምፕሎይድ ይሉታል። እሳቸው ግን «አለቃም ሠራተኛም አንቺው ነሽ፤ ሲደክምሽ እንኳ የምታኮርፊው ሰው የለሽም» ይሉ ነበር።

እጃቸው ፈጣን፣ አንደበታቸው ዝግ ያለ ነበር። ሕፃን ስትመጣላቸው መጀመሪያ ማበጠሪያውን ለእሷ ይሰጡና የራሳቸውን ጸጉር ያስነኳት ነበር፤ «እኔን አሳምሪኝና እኔም አንቺን አሳምርሻለሁ» ይሏታል። ሕፃኗ በእንግሊዝኛ ትመልስላቸዋለች፣ እሳቸው በአማርኛ ይቀጥላሉ፤ ሹሩባው ሲያልቅ ሁለቱም ተግባብተው ነው የሚለያዩት። ክሊንተንቪል የሚኖሩ አንዲት ደንበኛቸው በሕመም ጸጉራቸው መርገፍ የጀመረ ጊዜ፣ ሰው እንዳያያቸው ብለው እትዬ ትርሲት ደንበኛዋ ቤት ድረስ ሄደው ነበር የሚሠሯቸው።

ለእኔ ያደረጉትን ግን ከሁሉ አስቀድሜ መናገር ይገባኝ ነበር። ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ማንም የወሊድ ፈቃድ የሚሰጠኝ አልነበረም። ወንበሩን ብተወው ሌላ ሰው ይከራየዋል። እትዬ ትርሲት ጠርተውኝ፣ «ሰላም፣ አንቺ አራስ ቤትሽ ተኚ፤ ደንበኞችሽን እኔ እይዝልሻለሁ» አሉኝ። የራሳቸውንም የእኔንም ደንበኞች ከጠዋት እስከ ማታ እየሠሩ፣ በየሳምንቱ የእኔን ድርሻ ቤቴ ድረስ ያመጡልኝ ነበር። አጥሚት እያቀመሱኝ «ይኸው ደመወዝሽ፤ መሥሪያ ቤትሽ ሰላም ብሎሻል» ብለው ይስቃሉ።

ከዚያ፣ እሳቸው ራሳቸው ተስፋ ከቆረጡ በኋላ፣ አረገዙ። አሥራ ስድስት ዓመት የተለመነ ልጅ ነው። ጋሼ መኮንን ጸጉር ቤቱ በር ላይ ቆመው መግባትም መውጣትም አቅቷቸው ሲያለቅሱ ያየናቸው ያን ቀን ነው።

እትዬ ትርሲት ደስታውን በልባቸው ይዘው ወዲያው ማጠያየቅ ጀመሩ። ሐኪሙ በዕድሜያቸው ምክንያት ብዙ ዕረፍት እንደሚያስፈልጋቸው ነግሯቸው ነበር። አንድ ቀን ደንበኛ በጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጣ ሳለ፣ ለአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ኮል አደረጉ። እጃቸው ቀለም ስለነበረው ስልኩን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። የምታነጋግራቸው ሴት ድምፅዋ መልካም ነው፤ አስቀድማ «ኮንግራጁሌሽንስ» አለቻቸው።

«ስወልድ ሥራ ላቆም ነው፤ ለዚያ ጊዜ የሚከፍል ኢንሹራንስ አላችሁ ወይ?» አሏት።

«አለን። ግን ከእርግዝናው በፊት የተገዛ መሆን አለበት። አሁን ቢገዙ ይህኛው አይሸፈንም። ለሚቀጥለው እርግዝናዎ ግን ይጠቅምዎታል።»

እትዬ ትርሲት አመስግነዋት ስልኩን እንድዘጋው በዓይናቸው ጠቀሱኝ። «ሰማሻት? ለሚቀጥለው አለችኝ እኮ!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ወደ መንግሥት ቢሮም አብረን ሄድን። እዚያ ያነጋገረችን ልጅ አልከፋችብንም። የእርግዝናውና የወሊዱ ሕክምና እንደሚሸፈንላቸው ነገረችን፤ ይህም ተፈጽሟል፣ እግዚአብሔር ይስጣት። ከወለዱ በኋላ ቤት ሲቀመጡ ደመወዛቸውን የሚተካ ነገር አለ ወይ ስንላት ግን፣ «እንደዚያ ያለው ፈቃድ ከቀጣሪ ነው የሚገኘው። ቀጣሪዎ ማነው?» አለች።

«እኔው ነኝ።»

ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ «አይ አም ሶሪ» አለች። እውነትም ያዘነች ትመስል ነበር፤ ለዚህ ነው የምንቆጣው ሰው ያጣነው። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ እትዬ ትርሲት ቀበቷቸውን ከሆዳቸው በታች እያስተካከሉ፣ «ቀጣሪዬን ጠየቅኋት፤ እሷም የላትም» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሚሠሯት ሙሽራ ሁሉ አንድ ምክር ነበራቸው። «ልጄ፣ ለራስሽ የምትሠሪ ከሆነ ሆድሽ ሳይገፋ፣ ገና ሳታስቢው፣ ስትወልጂ የሚከፍለውን ኢንሹራንስ ጠይቂ። እኔ ዘግይቼ ነው የሰማሁት።» ሙሽሮቹ ያፍራሉ፣ ሚዜዎቹ ይስቃሉ። እሳቸው ግን እንዳልሰሙ ሆነው ይደግሙታል።

ልጅቷ በደህና ተወለደች። ስሟን ጽላት አሏት። የእሳቸውን ደንበኞች ለመያዝ ተራው የእኔ ነበርና «እትዬ፣ አሁን እርስዎ ይተኙ» ብዬ ገባሁበት። ከልቤ ሞክሬያለሁ። ነገር ግን ወራቱ የሠርግና የምረቃ ወራት ነበር፤ ሙሽሮች የእሳቸውን እጅ እንጂ የእኔን አይፈልጉም። «መቼ ይመለሳሉ?» ይሉኛል፤ እንጃ ስላቸው ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። የጸጉር ቤቱ ባለቤት ራሷም ተከራይ ናት፤ ወንበሩን የቻለችውን ያህል አቆየችላቸው። በዚያው ሰሞን የጋሼ መኮንን ዌርሃውስ የሥራ ሰዓት ቀነሰባቸው። አራስ ቤት ተቀምጠው ይህን ሁሉ ይሰማሉ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት በሩ ተከፍቶ ብቅ አሉ። ክርስትናው ገና ነው፣ ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም።

«እትዬ! ምን ሆነው መጡ?»

«ምን ልሁን? ሥራ ነዋ። ልጅቷ ከአባቷ ጋር ናት።»

ያን ሳምንት ሲሠሩ ግራ እግራቸው ማበጡን አየሁ። ሐኪም ይየው አልኳቸው። «ያበጠ እግር ሁሉ ሐኪም ቤት ከሄደ በኮሎምበስ ጸጉር የሚሠራ አይገኝም» አሉኝ። በማግስቱም ለመንኳቸው። ጋሼ መኮንንም ለመኗቸው። «የቅዳሜዋን ሙሽራ ልሸኝና ሰኞ እሄዳለሁ» አሉ።

ሙሽራዋን ሸኟት። ፒከሪንግተን ከሚገኘው የሠርጉ ቤት ፎቶዋን ልካላቸው እያዩ ነበር፤ «አቤት ውበት! እስቲ አንዴ ልቀመጥ» አሉ። ተቀመጡ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ሰላም፣ አየር አጠረኝ» አሉኝ። አምቡላንስ እስኪመጣ ነጠላዬን አጥፌ አራገብኩላቸው። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም።

ሐኪም ቤት አልተረፉም፤ እግራቸው ላይ የረጋ ደም ወደ ሳንባቸው ሄዶ ነው አሉን። ሐኪሟን እጇን ይዤ፣ «ተኝተው ቢሆን ኖሮ ይተርፉ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። «እርግጠኛ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም። በዚህ ዕድሜ በወለደች ሴት ላይ ተኝታም ሊደርስ ይችላል» አለችኝ። እንግዲህ ይኸው ነው። ብትቆጡ የምትቆጡበት ሰው አላገኘሁላችሁም። ያነጋገርናቸው ሁሉ ደጎች ነበሩ፣ ሁሉም የነገሩን እውነት ነበር፣ አንዳቸውም ሊያደርጉልን የሚችሉት አልነበረም።

እትዬ ትርሲት፣ ሸኘንዎት። በፍትሐቱ ላይ፣ እርስዎ የሠሯቸው ሙሽሮች ልጆቻቸውን ታቅፈው መጥተው ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ አልበቃቸውም። ጽላትን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ ቄሱ ውኃውን ሲያፈሱባት አላለቀሰችም፣ ዝም ብላ ታየን ነበር። ጋሼ መኮንን ጡጦ ማሞቅ ለምደዋል፤ ልብስ ሲያለብሷት ግን እስካሁን ቁልፉን አዛንፈው ይቆልፋሉ። ስታድግ እናቴ ለምን አላረፈችም ብላ መጠየቋ አይቀርም።

እርስዎ ግን አሁን ይረፉ፣ እትዬ። የሚጠብቅዎት ሰው የለም፤ ማንንም ሳያስፈቅዱ ይረፉ።