ሁለተኛው ጉርሻ

ጉና ላይ ሰላም አለ ይላሉ። እውነት ነው፤ ጭር ያለ ነው፣ አየሩም ንጹህ። እኔ ግን የወጣሁት ለሰላም አልነበረም። ቂሜን ይዤ ነው የወጣሁት።

ትምህርት ሲዘጋ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብለን ተራራው ላይ ካለው ጥብቅ ቦታ አየር እንቀይር ሲባል፣ ጠንሳሿ እሷ እንደሆነች አውቄያለሁ። አንድ ግቢ ተከራይተን አብረን የኖርን፣ እህቴ የምላት የሥራ ባልደረባዬ መምህር ናት። እናቴ ወገዳ ላይ ያረፈች ዕለት ወንድሜ በማለዳ የደወለው ለእሷ ነበር። ወጉ ይኸው ነው፤ መርዶ ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም፣ የቅርብ ሰው ሸኝቶ ያደርሳል። ለቀብር አድርሽልኝ ብሎ አደራ አላት። እሷም እሺ አለችው። ያን ቀን ግን የልጇ ክርስትና ነበር፤ ወጡም እንግዳውም በእኔ እጅ። ድግሱ እስኪያልቅ ዝም አለችኝ። እናቴ አፈር ስትለብስ እኔ እዚያ መሃል ገብቼ እስክስታ እወርድ ነበር።

"እንዳትደነግጪ ብዬ እኮ ነው" አለችኝ በኋላ። ውሸቷን ነው።

ጉና ላይ በረጃጅሙ የጅብራ ተክል መሃል ስንሄድ ከጎኔ አልጠፋ አለች። ጋቢዋን አውልቃ ልታለብሰኝ ሞከረች።

"አልበረደኝም" አልኳት፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ።

ሌሎቹ መምህራን የጓሳው ሣር ላይ የተቀመጡትን ጭላዳ ዝንጀሮዎች ፎቶ ያነሳሉ። እኔ ምን ባደርጋት እንደሚያማት አስባለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እኔ ጸሎቱንም ትቼው ነበር።

ለምሳ የጥብቅ ቦታው ጥበቃ ሠራተኛ ቤት ገባን። ሚስቱ ለሁላችንም በአንድ ትሪ አቀረቡልን። ከእሷ ጋር አልቆርስም ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። ሴትዮዋ ወዲያው ገባቸው።

"ተኳርፋችኋል? በእኔ ቤትማ አይሆንም! በሉ ተጎራረሱና ይብቃ።"

እሷ ቀደመች። አጎረሰችኝና፣ "አንድ ያጣላል" ብላ ደገመችኝ። ዓይኗን እንባ ሞልቶት ነበር። ሁለቱንም ዋጥኩ።

ተራው የእኔ ሆነ። ሽሮ በደንብ ያጠቀስኩበትን ትልቅ ጉርሻ ጠቅልዬ አጎረስኳት። ሰዉ ሁሉ "እሰይ!" አለ። እሷ አላምጣ እንደጨረሰች ለሁለተኛው አንገቷን ወደ እኔ ሰገግ አደረገች።

እኔ ተነስቼ እጄን ታጠብኩ።

"ሁለተኛውስ ልጄ? አንድማ ያጣላል እኮ" አሉ ሴትዮዋ።

"ድግሱ እስኪያልቅ ትጠብቅ፣ እማማ። እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።"

ሰዎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። አንገቷን እንዳሰገገች ቀረች።

ቁልቁል ስንወርድ ጋቢዋን ዳግመኛ አላቀረበችልኝም። ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ። ደስ ብሎኝ ነበር።