ስለ እድራችን ስም ከዳባት ጎንደር

ከዳባት ጧት በሚኒባስ ተነሣሁ፤ የሴቶች እድራችን ልኮኝ ነው። ሰው ሲሞት ራቅ ያለ ዘመድ አይቶ ለቀብር እንዲደርስ፣ በሰፈራችን ስም ኢንተርኔት ላይ ገጽ ልንከፍት ጠይቀን ነበር። ያንኑ ስም ደግሞ አንድ ባለ ሎጅ ለንግዱ ፈለገው፤ አንድ ስም ለሁለት አይሰጥም አሉ። ስሙን ለማን እንደሚሰጥ የሚወስን ኮሚቴ ጎንደር ላይ ሊመረጥ ነው፤ ከወንበሮቹም አንዱ ለማይነግዱ ነው ተብለናል። በዚያ ወንበር የኛ ሰው መቀመጡን ላረጋግጥ ነው የሄድሁት።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጉም መንገዱን ስለዋጠው ቆምን። የገብስ ቆሎ ገዝቼ ከጎኔ ለተቀመጡት ሽማግሌ ዘገንሁላቸው።

«ወዴት ነሽ?»

«ስም ልጠይቅ፣ አያ።»

«ምነው፣ እስካሁን ሳይወጣልሽ ነው?» ብለው አሳቁኝ።

ኮሶዬን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ብርዱ ለቀቀን። ከመናኸሪያ በባጃጅ ፒያሳ ወረድሁ።

ፒያሳ፣ አዳራሹ

ሰብሳቢው የዕጩዎችን ስም አነበበ። ለማይነግዱት ወንበር የታጨው ራሱ ባለ ሎጁ ሆኖ ተገኘ! ለሰፈሩ ቧንቧ ስላስገባ ነው አሉ። ተነሥቼ በመጀመሪያ ስለ ቧንቧው አመሰገንሁት፤ ውኃው ሸጋ ነው። ከዚያ ወንበሩ የኛ ነው አልሁ።

«እማማ፣ ለእድር ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል?» አለኝ እየሳቀ።

«ለቀባሪ ይነግርልናል። ላንተስ?»

«እንግዳ ያመጣልኛል።»

«እንግዲያው ሁለታችንም ሰው ጠሪ ነን። ብንጣላ በሽማግሌ እንታይ የለ? ያንተን ሽማግሌ አንተ ትጠራለህ። የኔንም አንተው ልትጠራልኝ ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢው ግን አልሳቀም፤ ጥቂት አሰበና፣ «የማይነግዱ ወደ ግራ ይቀመጡና ራሳቸው ይምረጡ» አለ። ባለ ሎጁም ወደ ግራ ሊነሣ ሲል ጓደኛው ኮቱን ይዞ አስቀመጠው።

እድርተኛው፣ የማኅበር ሰው፣ አስተማሪው ተሰበሰብን። እኔን ሊመርጡ ነበር፤ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም ብዬ እምቢ አልሁ። ቁስቋም ሰፈር የልጆች ቤተ መጻሕፍት የምታስተዳድር ቆፍጣና ሴት መረጥን።

መልስ

ባለ ሎጁ በመኪናው መለሰኝ። መንገድ ላይ፣ «ስሙን ቢተዉልኝስ?» አለኝ።

«ልጄ፣ ሾፌርነትህ ሸጋ ነው። ስሙን ግን ኮሚቴው ይንገረን» አልሁት።

ዳባት ስደርስ የእድሩ ሴቶች ከበቡኝ። «ስሙን ሰጡን?»

«ገና ነው» አልኋቸው። «እንግዲህ ቢፈረድልንም ቢፈረድብንም፣ እኛ የመረጥናት ሰው ፊት ነው።»