ከጎኗ ሆኜ የሰማሁት ስም

የጎረቤቴ ጀነሬተር ሲነሳ የቤንዚኑ ሽታ በመስኮት ይገባል። ሰው ሁሉ መስኮቱን ይዘጋል፤ እኔ ትንሽ ቆሜ አሸተዋለሁ። መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ የነበረችው ኢንተርኔት ቤት ትዝ ትለኛለች። መብራት በጠፋ ቁጥር ጀነሬተሩ በሩ ላይ ይንደቀደቃል፤ ውስጡ አራት ኮምፒውተርና የሞቀ አቧራ ሽታ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ ከምትቀመጠው ጓደኛዬ ጋር ፌስቡክ የከፈትነው በአንድ ቀን ነው። የኮምፒውተር መምህራችን አስቀድመው፣ "የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትንገሩ። ፊት ለፊት የማትናገሩትንም አትጻፉ፤ ከወዲያ ያለው ሰው ነው" ብለውን ነበር። ጓደኛዬ ለይለፍ ቃል የክርስትና ስሟን እንደመረጠች ነገረችኝ። በእኛ አገር የክርስትና ስም ለባዳ አይነገርም፤ ከዚያ የበለጠ ምስጢር ከየት ይመጣል? እኔ ግን የነፍስ አባቷ ሊጸልዩላት ስሟን ሲጠይቋት ከጎኗ ነበርኩ።

ክረምቱን ደብረ ታቦር አክስቷ ዘንድ ሰንብታ አንዲት ልጅ ተዋውቃ መጣች። ከዚያ ወዲያ ኢንተርኔት ቤት አጠገቤ ተቀምጣ የምትስቀው በፌስቡክ ከዚያች ልጅ ጋር ሆነ። "ምን አለችሽ?" ስላት፣ "ኧረ እንዲያው ነው" ትለኛለች። የልጅቷን ፎቶ እያየሁ እንከን ፈለግሁ፤ አጣሁ፤ እሱም አናደደኝ።

አንድ ቅዳሜ ጓደኛዬ እህል ልታስፈጭ ወፍጮ ቤት ስትሄድ ብቻዬን ገባሁ። የክርስትና ስሟን ጻፍኩ፤ ተከፈተ። ለደብረ ታቦሯ ልጅ፣ "ከእንግዲህ እንዳትጽፊልኝ። ወሬሽ ሰልችቶኛል" ብዬ ላክሁና መልእክቱን ከጓደኛዬ በኩል አጠፋሁት።

ልጅቷ ጠፋች። ጓደኛዬ ደጋግማ ብትጽፍላትም አልመለሰችም። "ምን ነክቷት ይሆን?" እያለች ስትጨነቅ የማጽናናት እኔው ነበርኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሻችሁም።

በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ከትምህርት ቤት ስንወጣ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ አገኘናት። የአውቶቡሱ አቧራ ፀጉሯ ላይ ነበር።

"ምን በድዬሽ ነው? ፊት ለፊት ንገሪኝ ብዬ ነው የመጣሁ" አለቻት፤ የተጻፈላትንም ቃል በቃል ደገመችላት።

ጓደኛዬ ዞር ብላ አየችኝ።

"እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ ተናድጄ ነው። ይቅር በይኝ" አለች ለልጅቷ። ጉንጯን ሳመቻትና ቦርሳዋን ተቀብላ ወደ ቤቷ ይዛት ሄደች። እኔን ነይ አላለችኝም።

ሰኞ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። "እንደምን አደርሽ? ቤተሰብ ደህና ናቸው?" አለችኝ፤ ተቀመጠች። ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ ነበርን። ደብተሬን ስትፈልግ፣ "እባክሽ ታውሽኛለሽ?" ትላለች፤ ስሰጣት፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ትላለች። በፊት ከእጄ ላይ መንትፋ ነበር የምትወስደው።