አወቀ ከብት ተራ ያቆመው በሬ

በጋይንት አርብ ገበያ ከተማ ጎሚስታ ቤት ያለው አወቀ ጎማ ከመለጠፍ ይልቅ ውዳቂ መሰብሰብ ይወዳል። ያለቀ ማረሻ፣ የተሰበረ ማጭድ፣ የባጃጅ ፍሬቻ፣ የተበጠሰ የፍሬን ገመድ፣ ሌላው የጣለውን ሁሉ እሱ እንደ ሕፃን አቅፎ ቤቱ ይገባል። ሰብስቦም ዝም አይልም፤ ይገጣጥማል። አንዴ ከጀሪካን ዶሮ ቢሠራ የጎረቤት አውራ ዶሮ ከእሷ ጋር ሲደባደብ ዋለ። ጎረቤቱ እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ በአወቀ እጅ አልቀልድም።

ሚስቱን ፍቅርተን ግን መረራት። ልብስ የምታሰጣበት ቦታ አጣች። በተለይ በሬው አንገበገባት። ክረምቱን ሙሉ ሲሠራው የከረመ፣ ጎድኑ ማረሻ፣ ቀንዱ ማጭድ፣ ሻኛው የሞተር ነዳጅ ታንከር የሆነ፣ ቁመቱ እውነተኛ በሬ የሚያክል። ሲጨቃጨቁ ሰነበቱ። በመጨረሻ ተስማሙ፦ አርብ ዕለት ከብት ተራ ይቁም፤ ገበሬው በሬ ነው ካለው ይኖራል፣ ብረት ነው ካለው ግን ለብረት ሰብሳቢው ለጁሃር ይሰጣል።

ገበያ የወሰድነውም በጁሃር ጋሪ ነው። ወዴት እንደሚመልሰው ነበር ያልታወቀው። አወቀ ቁርስ እንኳ አልበላም። ያ በሬ ከሄደ ዳግመኛ ምንም እንደማይገጣጥም ፊቱ ይናገር ነበር፤ አንጀቴን በላው።

ገበሬው ከቦ ሳቀ። ፍቅርተ ባሏን "አላልኩህም?" በሚል ዓይን አየችው። ያን ጊዜ በከብት ምርጫ የታወቁት ሽማግሌ አባ ዘካርያስ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው ቀረቡ። የጋይንት ገበሬ እጅ ከብት ፊት አርፎ አይቀመጥም። የበሬውን እግር በዱላቸው መታ መታ አደረጉ፣ ጀርባውን ዳበሱ፣ ጎንበስ ብለው ጥርሱን ፈለጉ። ከዚያ ጫንቃውን አሹት።

"ሻኛው ደህና ነው" አሉ። "ዳሌውም አይከፋ። ጫንቃው ግን ጠባሳ የለውም፤ ቀንበር አያውቅም። ይሄ ልግመኛ ነው የሚሆን።"

ሳቁ ቆመ። አንዱ "ሲጠመድ የቀኝ በሬ ነው" ሲል ሌላው "የለም፣ የግራ ነው" ብሎ ሊጣሉ ደረሱ።

ፍቅርተ ነጠላዋን አጣፍታ መሃል ገባች።

"አባ፣ ምን ነካዎ? ማንን ነው ልግመኛ የሚሉት? ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት ንቅንቅ ያላለ በሬ ነው! እኔ ነኝ የማውቀው፣ ከደጄ ነው ያደገው!"

"እሽ፣ አትቆጪ ልጄ። ስንት ትይዋለሽ ታዲያ?"

"አይሸጥም!"

አወቀ ሮጦ የበሬውን አንገት አቀፈ። እኔማ በደስታ ያጠገቤን ሰው ጀርባ ደበደብሁ፤ ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

ገበያው ሲበተን ጁሃር ጋሪውን እየገፋ መጣ።

"እህቴ፣ ብረቱን ልጫነው?"

"የምን ብረት?" አለች ፍቅርተ ቆጣ ብላ። "ያልተሸጠ በሬ የት ይሄዳል? ወደ ቤቱ ነዋ! ና፣ ቀንዱን ሳትነካ በቀስታ አንሳው።"